ጠበል የገባበት ማሽን

አቧራ እየሳበ ውሃ ውስጥ የሚያስቀር ማሽን ቤታችን አለ። አክስታችን ከጅዳ የላከችው ለእህቴ ለትርንጎ አስም ብላ ነው፤ ደባርቅ በበጋ ነፋሱ አፈር ይዞ ይገባል፣ አቧራ ሲነካት ደግሞ ደረቷ ያፏጫል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አልጋዋን ላጸዳ ሳስነሳው ያልለመድኩትን ድምፅ አወጣ። ያበላሸሁት እኔ መስሎኝ አጠፋሁት፤ ቱቦውን ፈትቼ አየሁ፣ ምንም የለበትም።

«ውሃውን ማን ሞላው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ» አለች እናቴ። «ጠበል ጨመርኩበት። ለእሷ አይደል እንዴ?»

«እማዬ፣ ማሽኑንም ልታስጠምቂው ነው?» ብላ ትርንጎ ሳቀች፤ ሳቋን ሳል ቆረጠባት።

እንደገና አስነሳሁት። ቱቦው ትራሷ ጋ ሲደርስ ማሽኑ እንደሚጠመቅ ሕመምተኛ ጮኸ። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ብድግ አለች።

«ማነህ? ልቀቃት!»

ማሽኑ ቀጥ አለ። መብራት ሄደ እንዳልል ከዚያው ሶኬት ላይ የተሰካው ሬዲዮ ያወራል። ትርንጎ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ደረቷ አላፏጨም። እናቴ መሬት ስማ አለቀሰች። እኔ ግን ፉጨቱን አሁንም እሰማዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ማሽኑ ላይ አስጠጋሁ። ከውሃው ውስጥ ነው። አየር እየወጣ ይሆናል ብዬ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። አላለቀም፤ ይስባል፣ ያስወጣል፣ ደግሞ ይስባል።

ውሃውን ልደፋ ክዳኑን ስይዝ ትርንጎ እጄን ለቀም አደረገችው።

«ወንድምዬ፣ በእመቤቴ፣ አትክፈተው።»

ይኸው እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።