ሳሎን የገባው ጥናቴ

እስቲ ፍረዱኝ። የማስተርስ ጥናቴ ስለ ቻሞ ሐይቅ ዳር ቄጠማ ነው፤ የዓሣ ጫጩቶች ከትልልቆቹ ዓሣዎች የሚሸሸጉት እሱ ውስጥ ነው። ለይቼ የማጠናውን ቄጠማ፣ የወሰደኝ ባለጀልባ አዞ እንዳይመጣብኝ ዙሪያውን እየቃኘልኝ፣ ቀይ ክር አሰርኩበት። የመስቀል ዋዜማ ላየው ብሄድ ክሩም የለ፣ ቄጠማውም የለ። አዞ የማይፈራ ሰው ሙልጭ አድርጎ አጭዶታል።

ለአማካሪዬ ምን ልለው ነው እያልኩ በባጃጅ ሲቀላ ሰፈር ወደተከራየሁበት ቤት ተመለስኩ። አከራዬ እትዬ ዘነቡ ለበዓሉ ሳሎኑን በቄጠማ ጎዝጉዘውታል። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ቀይ ክሬን አየሁት።

«እትዬ፣ ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከገበያ ነዋ። ለምለም አይደል? ደግሞ በክር አሳምረው ነው የሸጡልኝ።»

እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥናቴ እግራቸው ስር እንደተነጠፈ፣ ዓሣ ሁሉ ልጆቹን የሚያሳድገው እዚህ ውስጥ እንደሆነ፣ አንድም ሳይቀር። እትዬ ዘነቡ ከልባቸው አዘኑልኝ። ከዚያ ዞር ብለው ወለሉን አዩ። የጎረቤት ልጆች ቄጠማው ላይ ይንከባለላሉ፤ አንዷማ ጭራሽ ተሸፍናበት የእግሯ ጣቶች ብቻ ናቸው የሚታዩት።

«በይ ልጄ፣ ግቢና ጥናትሽን ቀጥይ» አሉኝ። «ልጅ መደበቁን መች ተወ።»