ብቻዋን የጀመረችው

ግቢ፣ ግቢ! በሩን በትከሻሽ ገፋ አድርጊው፤ ዝናብ ሲነካው ያብጣል። እንዴት ነሽ አንቺ? ባልሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? እዚያኛው ወንበር ላይ አይደለም የኔ ቆንጆ፣ እሱ መርፌ አያጣውም… እዚህ ጋ አረፍ በይ። ዝናቡም እኮ እንደ ሰው ሆኗል። ይመጣል ሲሉት ይቀራል፤ ቀረ ሲሉት ከነጓዙ ከች!

ለጃኬቱ ነው አይደል የመጣሽው? አልቋል በይው፤ ሁለት አዝራር ብቻ ነው የቀረኝ። ወገቡን ሦስት ጣት ለቀቅ አድርጌዋለሁ። ኧረ ወፍራለች አልወጣኝም! ሰው ሲከበር ይሰፋል፤ ጨርቁ ነው እንጂ ክብር የማያውቀው። ስም አልጠራም እንግዲህ። ለአንቺ የባልሽ እህት ናት፣ ለሌላው ደግሞ ጀግና። ቅዳሜ በስፖርት አዳራሹ ከጨዋታ በጭብጨባ ሊያሰናብቷት አይደል? ይገባታል።

እሑድ ሬዲዮ ላይ ሰማሻት? እኔማ ካውያውን እንደያዝኩ ፈዝዤ የአንድ ደንበኛ ሱሪ አቃጠልኩ። ምን ላድርግ፣ ድምጿ ይይዛል! ጋዜጠኛው «ይህን ጨዋታ ማን አስተማረሽ?» ቢላት፣ «ማንም። ብቻዬን ነው የጀመርኩት» አለች። እንዴት ያለች ቁጥብ ሰው ናት! ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ያደገበትን ሰፈር በሙሉ ስም በስም ሲጠራ ሰዓቱን ይጨርሰው ነበር። እሷ ግን… አጭር። ማንንም ሳታስቸግር።

ለነገሩ ልክ ናት። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ልጅ ደግሞ ከሰው ይቆጠራል? ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ እዚያ ሲሚንቶው ላይ ፊት ለፊቷ ስቆም የኖርኩት ጥላዋ ሆኜ ይሆናል። ቋጠሮዋንም… ያቺን መዳፍ የምትሞላ ከረጢት፣ እጅ ሳይነካት በእግር ብቻ እየነጠረች የምትቆየውን… ከአባቴ ካልሲ ቆርጬ፣ ምስር ሞልቼ፣ በእናቴ መርፌ የሰፋኋት ይመስለኝ ነበር። ለካ ራሷን በራሷ ሰፍታ ኖሯል! የአባቴ አንድ እግር ካልሲ ግን የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እሷ ያኔ ከአራት ምት አታልፍም። መሬት በወደቀችባት ቁጥር ታለቅሳለች። «አንቺ፣ እግርሽን ተይውና ቋጠሮዋን እያት» እላታለሁ። እኔ ደግሞ መካሪ መሆኔ ነው! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? አንዳንዱ እንቁላል ደግሞ በሰው እግር ይሄዳል… ዋናው መድረሱ ነው።

ስናድግ ጥንድ ሆነን በመረብ መጫወት ጀመርን። እኔ አቀብላለሁ፣ እሷ ከመረቡ በላይ ዘላ በጫማዋ ሶል ትመታለች። ምን የመሰለች ዘላይ! አቀባይማ ማን ያያል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንበሳው ከታሰረ በኋላ ግን ፎቶ የሚነሳው አንዱ ድር ነው። ደግሞ አንዲት ብልሃት ነበረችኝ። ቋጠሮዋ አየር ላይ እያለች እግርሽን ሁለት ጊዜ በዙሪያዋ አዙረሽ ትቀበያታለሽ። «ድርብ ቀለበት» ብዬ ነበር የሰየምኳት። ዛሬ ጊዜ ልጆቹ በሷ ስም ነው አሉ የሚጠሯት። እኔ ቀለበቴን ወሰደች አልልም… የእግሩን ነው ኧረ የምልሽ! የጣቱንማ እሷም ሁለት ጊዜ ሞክራው አልበረከተላትም።

የመጀመሪያው ትልቅ ውድድር አራት ቀን ሲቀረው የኔ ጉልበት ዞረ። ሆስፒታል አስተኝተው እስከ ጭኔ ጀሶ አለበሱኝ። መጣች ልትጠይቀኝ፤ መች ቀረች! ሦስት ብርቱካን ይዛ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ… እንዴት አባቷ እንዳለቀሰች! እኔ ነኝ ያባበልኳት። ከዚያ እንባዋን ጠረግ አደረገችና «ጫማሽን አውሺኝ» አለች።

ያን ጫማ ስንት ሌሊት የለፋሁበት ነው። ቋጠሮዋ ስትመጣ ረጋ ብላ እንድታርፍበት ጎንና ጎኑን ፈትቼ እንደገና የሰፋሁት። እግራችን ደግሞ እኩል ነው። ሰጠኋት። በጀሶ እግር ጫማ ምን ይሠራልኛል? ጀሶው ሳይደርቅ እሷ አብራት የምትጫወት ሌላ ጥንድ አግኝታ አረፈችው። አሸነፉም! ዋንጫውን ይዛ ብቅ ትላለች ብዬ ነርሷን መስኮት አስከፍቼ ነበር… ሆስፒታሉ ከመንገድ ትንሽ ገባ ይላል፤ ጠፍቷት ይሆናል።

ጫማውም እንደወጣ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ምን አላት፣ ሰው ሥራ ሲበዛበት ይረሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ… ውይ ጣቴን! ይቺ መርፌ! አየሽ አይደል፣ ስለ መርፌ እኮ ነው የማወራሽ። ቂም? እኔ? እኔ የጨርቅ እንጂ የሌላ ቋጠሮ አላውቅም።

አሁን ያንን ጫማ ነው አሉ በመስታወት ሳጥን የሚያስቀምጡት። «የጀግናዋ የመጀመሪያ ጫማ» ተብሎ። ደስ አይልም? ከምላሱ ሥር በቀይ ክር የሰፋኋት የስሜ የመጀመሪያ ፊደል አለች። ግን ማን ገልብጦ ያያል! ምላስ እንደሆነ ስንቱን ሸፍኖ ያኖራል።

ሐቁን እናውራ ካልሽ ግን ጎበዝ ናት። አሥራ አንድ ዋንጫ በወሬ አይመጣም። በአርባ ስድስት ዓመቷ… ሬዲዮው አርባ አንድ ነው ያለው፣ መቼም እነሱ ሳያጣሩ አይናገሩም… በአርባ ስድስት ዓመቷ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ገጥማ ስታሸንፍ ከኋላ ቆሜ አይቻታለሁ። ቋጠሮዋ እኮ ለመውደቅ ፈቃድ የምትጠይቃት ነው የምትመስለው! ሰውነቷ አይቸኩልም፣ ትንፋሿ አይሰማም። መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ይቺ እግር ከኛ ሲሚንቶ ላይ ነው የተነሳችው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልዋሽሽም።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አየችኝ። ጠራችኝ! ትከሻዬን አቅፋ ለአዘጋጆቹ «ተዋወቋት» አለቻቸው። ልቤ ምን እንደሆነ አልነግርሽም… «ልብሴን የምትሰፋልኝ ናት።»

ውሸት አለበት? የለበትም። ይኸው እየሰፋሁ አይደል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። የኛ ሸክሙ ለሁለት ነበር… ጌጡ ለአንድ ሰው በዛ እንጂ።

ምን አልሽኝ? «ቅዳሜ ወንበር ተይዞልሻል» አለች? ተባረኪ! ከየት በኩል? ከኋላ፣ በሩ አጠገብ… ስፌቱ ድንገት ቢተረተር ቶሎ እንድደርስላት ይሆናል። ሁሉን ነገር የምታስብ ሰው እኮ ናት።

የዳሌዋስ ነገር? ማክሰኞ ነው ቀዶ ሕክምናው? ሁለት ወር ሙሉ አልጋ ላይ… አይ፣ ያ ሁሉ ዝላይ መቼም ዋጋውን ይጠይቃል። ማን ሊያስታምማት ነው ታዲያ? አንቺ የመሥሪያ ቤት ሰው ነሽ። ባልሽም ቢሆን ወንድ ልጅ ነው፣ እህቱን እንዴት ገላ ያጥባል? ያቺ ዋንጫውን አብራት የበላችው ሁለተኛዋ ጥንዷስ? ስልክ አታነሳም? ወይ ጉድ… እሷም ጫማ አውሳት ይሆን?

ለምን አንገትሽን ደፋሽ? ንገሪኝ እንጂ፣ እኔ እኮ አልቆጣም። እ? እኔን? «እሷ እምቢ አትለኝም» አለች? አሃ… ለካ በዚህ ዝናብ ለአንድ ጃኬት ብለሽ አልነበረም! ይቅርታሽን አስቀምጪው የኔ እህት፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? መልእክተኛ ነሽ። ደግሞ በጎ አስታውሳኛለች፤ ብቻዋን የጀመረች ሰው ብቻዋን መተኛት ሲከብዳት እኔን ማሰቧ ቀላል ነገር ነው?

በቃ አለቀ፣ እንኪ። እጅጌውን እንዳታጨማድጂው። እኔ እንኳን ለማስታመሙ አልመጣም፤ ሱቁን የምትጠብቅልኝ ሰው የለችኝም። ግን ባዶ እጅሽን አልሰድሽም፤ ምርቃቴን ያዢላት፣ ቃሉን ሳትለውጪ አድርሺልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጣት። የሐኪሟ እጅ የተባረከ ይሁን። ስሟ ከዚህም በላይ ይጠራ። በተኛችበትም ብቻዋን አይተዋት፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን የምትይዝላት፣ ልክ እንደ ራሷ ያለች ጓደኛ ይስጣት…

አሜን በይ እንጂ!