ሕመማቸው በስሙ ይጠራ፦ የወይዘሮ ጽጌረዳ ዓምሃ ዜና ሕይወት

አባቶች ካህናት፣ የእድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችን፤ እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። እኔ ወንድማቸው ኤርሚያስ ነኝ። ይህን ያጻፉኝ እኅቴ ራሳቸው ናቸውና አንድም ቃል አልዘልም።

ወይዘሮ ጽጌረዳ ከአባታቸው ከአቶ ዓምሃ ወልደ ሰንበት፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ አረጋሽ በየነ በ1959 ዓ.ም. እዚሁ ጉለሌ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም ዊንጌት አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ መምህራኑን በጥያቄ ሲያስጨንቁ መዋላቸውን አብሯቸው የተማረ ሁሉ ይመሰክራል።

ከዚያም ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ መሸጫ ከፍተው፣ ጥለቱን ራሳቸው እየመረጡ፣ ከሸማኔው ጋር እየተከራከሩ፣ የስንቱን ሙሽራ ልብስ አሰናድተዋል። ከአቶ ነገራ ፈይሳ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሲናንና ሩታን ወልደዋል፤ ሁለቱንም ለወግ ለማዕረግ ማብቃት የዘወትር ምኞታቸው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አልለቅ ያለ ሳል ያዛቸው፤ ሲመረመሩም እምብዛም የማይታይ ዓይነት የሳንባ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቀውን እኅቴን፣ ተደብቀው ያጨሱ ነበር ያለ ምላስ በዚህ ሰፈር ነበረ። ዛሬም እዚሁ ቆሞ ይሆናል፤ ይስማ!

ሐኪሞቹ ከዕጢው ቁራጭ ወስደው ሲያስመረምሩ የዘረመል ለውጥ ተገኘበት። ይህ በተሰማ ማግሥት፣ ሲናን ለወንድ ልጃቸው ለመሳይ ያጩት ጎረቤታችን አቶ ኡርጌሳ፣ በሽታው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መስሏቸው፣ ሠርጉ ይቆይልን ብለው ሽማግሌ ላኩ። ዘመድ አዝማዱም ነገሩ ተዳፍኖ እንዲቀር መከረ፤ እኛ አገር ሰው ሁሉ “ባደረበት ሕመም” ተብሎ ይቀበራል እንጂ የሕመሙ ስም መች ይነሣና! ወይዘሮ ጽጌረዳ ግን እምቢኝ አሉ። ደማቸው ጭምር እንዲመረመር ጠይቀው ሲታይ፣ በዕጢው ውስጥ የነበረው ለውጥ በደማቸው አልተገኘም፤ የሚያክሟቸው ሐኪምም ለውጡ በኋላ ዘመን እዚያው ሳንባቸው ውስጥ የተፈጠረ እንጂ ከወላጅ የተወረሰ፣ ለልጅም የሚያልፍ እንዳልሆነ አስረዱ።

ይህንን እንደሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አቀበቱን እያረፉ ወጥተው፣ አቶ ኡርጌሳ ቤት ገቡና ሳሉ እያቋረጣቸው ሁሉንም ተናገሩ። ሲጨርሱም፣ ልጄ ምንም የለባትም፣ ቢኖርባትስ ሰው ናት እንጂ ተመርጣ የምትመለስ ዕቃ ናት ወይ ብለው ጠየቁ። አቶ ኡርጌሳ በእውነት አፈሩ፤ ይቅርታ ጠይቀውም የሠርጉን ቀን ቆረጡ።

መድኃኒቱ ለጊዜው ቢያስታግሳቸውም ሕመሙ እየበረታ ሄደ። ከዕጢያቸው የተወሰደው ናሙና ለምርምር እንዲውል ፈቀዱ፤ እኔ ባልድንበት ሌላው ይዳንበት አሉ። ትናንት ማለዳ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በሳንባ ካንሰር ዐረፉ። በሳንባ ካንሰር! የደገምኩት ድገመው ብለው ስላጻፉኝ ነው።

ባለቤታቸውን አቶ ነገራን፣ ልጆቻቸውን ሲናንና ሩታን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ከቤተሰብ ቍጠራቸው ያሉኝን መሳይንና ወላጆቹን ትተው ሄደዋል። እኅቴ፣ ሆዴ ተቃጥሏል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሳልና ድካም በሌለበት ቤቱ ይቀበልልን፤ አሜን።

አንድ ትእዛዝ ቀርቷል። ኀዘን አለ ተብሎ ሠርጉ ወደ ሙት ዓመት እንዳይገፋ፤ በተቆረጠው ቀን፣ በዳግማ ትንሣኤ ይሁን ብለዋል። ይህን የሰማችሁ ሁሉ በእርሳቸው አፍ ተጠርታችኋል። ጥቁር ለብሶ የሚመጣ ግን ከደጅ ይመለሳል፤ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።