የመታጠፊያው ድንጋይ

በ1989 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለፈተና ቁጥጥር ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ለመሄድ ስጠብቅ አውቶቡሱ ቀረ። በመጨረሻ ሙዝና ጨው ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣ የጭነት መኪና አገኘሁና ከጭነቱ በላይ ወጣሁ። ተማሪዎቼን ስለ ፍጥነትና ስለ ክብደት የማስተምር የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ያን ቀን ግን ትምህርቴን ረስቼ ከአሥራ አራት ገበያተኞች ጋር የሙዝ ዘለላ ላይ ተቀመጥኩ። በሌላው ላይ ብቻ ጣቴን እንዳልቀስር ይህን አስቀድሜ ልናገር።

አቀበቱን አጋምሰን አንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ የራዲያተሩ ውኃ ፈላ። ሹፌሩ ክንፉ እግሩን ፍሬኑ ላይ ተክሎ «ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ። የመኪናው ባለቤት ጋሽ ደበሌ ከጋቢናው ወርደው፣ ከመንገዱ ዳር ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች አንከባለሉና ከኋላ ጎማዎች ሥር ወሸቁ። የእጅ ፍሬኑ አይሠራም ነበር። ድንጋዮቹ በጎማ ጠቁረዋል፤ ለሥራው አዲስ አልነበሩም።

ውኃው እስኪቀዘቅዝ ወርደን ቆምን። ጋሽ ደበሌን ከገበያ አውቃቸዋለሁና ሰላምታ ሰጠኋቸው።

«ለገበያ ነው ጋሽ ደበሌ?»

«ገበያውስ ለክንፉ ነው መምህር። እኔን ሽማግሎች ዱቡሻ ላይ ይጠብቁኛል» አሉኝ። ዱቡሻ በጋሞ ደጋ ሽማግሎች ተቀምጠው የሰውን ጉዳይ የሚያዩበት አደባባይ ነው። «የእህቴን ልጅ ምሥጋናን፣ የከብት ሐኪሙን፣ ሰምተዋል መሰለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት በሞተር ሳይክል ወድቆ እግሩ ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ አይመጣም፤ ጎሜ አለበት። አንድ ሰው ነውር ይሠራል፣ ቅጣቱ በዘሩ ይወጣል። አባቱ ኢሳያስ የጎረቤቱን የድንበር ድንጋይ ገፍቷል ይባላል። ዛሬ በሕዝብ ፊት ያምናል። ካላመነ ከሰው ይለያል።»

ልጁ እግሩን ያጣ አባት፣ በዚያ ላይ ከሰው ሊለይ! ደሜ ፈላ። ገና አፌን ሳልከፍት ግን ከጋቢናው በር አጠገብ የቆመችው ልጃቸው ቀደመችኝ። አገኘሽ አርባ ምንጭ ነርስ ናት።

«አባዬ፣ የምሥጋና እግር ሲቆረጥ አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ። የጣለው የድንበር ድንጋይ አይደለም፤ መንገድ መሃል የተተወ ድንጋይ ነው። ራሱ ነግሮኛል።»

«ትምህርትሽን አከብራለሁ ልጄ። ግን ሐኪም የሚያየው አጥንቱን ነው፤ ከአጥንቱ ጀርባ ያለውን እኛ እናያለን። በዚህ መንገድ ድንጋይ ሞልቷል። ስንቱ አልፎ ሄዷል! እሱን ብቻ ለምን መረጠው?»

«አልመረጠውም ጋሽ ደበሌ» አልኩ። «ያለፉት በብርሃን ነው ያለፉት። እሱ ግን እንደሰማሁት ቁልቁል ሲወርድ መሽቶበታል፤ መታጠፊያው ከልሎበታል። ድንጋይ ሰው አይመርጥም፤ ፊት የደረሰበትን ይጥላል።»

«እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ለሁሉ ነገር መልስ አላችሁ» ብለው ሳቁ።

ራዲያተሩ ተሞላ። ክንፉ ጭነቱ እንዲቀልለት በእግር እንድንከተለው ነግሮን መኪናውን አስነሣና ከመታጠፊያው በላይ ወዳለው ሜዳ ወጣ። ሁለቱ ድንጋዮች መንገድ መሃል ቀሩ። አንዱን ልገፋ ጎንበስ ስል ጋሽ ደበሌ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ይተዉት መምህር! ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ነው የምንቆመው፤ ለሚመጣው ሳምንት ይፈለጋል።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እየቀለዱ አልነበረም። እኚህ አስታራቂ የሚባሉ፣ ክፉ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ በመንገዱ የሚሄደው ሰው ሁሉ ግን በዚያች ቅጽበት ከሐሳባቸው ውጭ ነበር። አገኘሽ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ከሦስት ሳምንት በፊትስ የት ነበር የቆማችሁት?»

«እዚሁ።»

«ድንጋዮቹን ማን አነሣቸው?»

ጋሽ ደበሌ ዞረው ድንጋዮቹን አዩ።

«ምሥጋና የወደቀው የት እንደሆነ ታውቃለህ አባዬ?»

«አቀበቱ ላይ መሆኑን ሰምቻለሁ። የቱ ጋ እንደሆነ... አልጠየቅሁም።»

«አንተ የቆምክበት ላይ ነው። ድንጋዮቹን ወደ ዳር የገፏቸው እሱን ያነሡት ሰዎች ናቸው።»

እኔን ያቃጠለኝ ይህ «አልጠየቅሁም» ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአባቱ ነውር፣ የአያቱ ነውር ተቆጠረ፤ ልጁ የት ወደቀ ብሎ የጠየቀ አንድ ሽማግሌ ጠፋ! የእጅ ፍሬኑን ያሠራ ሰው ጠፋ!

«ለክፋት ብዬ አይደለም» አሉ ጋሽ ደበሌ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«እኔ በጎሜ አላምንም» አለች አገኘሽ። «ግን በራስህ ፍርድ ልጠይቅህ። የጎረቤቱን ድንበር የገፋ በደለኛ ከሆነ፣ በሰው ሁሉ መንገድ ላይ ድንጋይ የተወስ?»

ሜዳው ላይ ስንደርስ ክንፉን ስለ ፍሬኑ ጠየቅሁት። «በፋሲካ ነው የተበላሸው። ስነግራቸው 'ሥራ ይፈታል' ይሉኛል» አለ። ከዚያ ወዲያ ምላሴን የሚይዝልኝ አልነበረም። ለጋሽ ደበሌ የአንድ ቀን ሥራ ላለመፍታት የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ሥራ እንደፈታ ነገርኳቸው። ክንፉ እንደሚያደርገው ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁል መልቀቅ ፍሬን እንደሚያቃጥል፣ ከጭነት በላይ የተሳፈረ ሰው መኪናው ሲያዘነብል የሚይዘው ነገር እንደሌለ፣ ይህ ሁሉ የሰው ሥራ እንጂ ቀን የጣለው እንዳልሆነ ተናገርኩ። እኔም ወጥቼ እንደነበር አልካድኩም።

ጋሽ ደበሌ ቁልቁል ተመልሰው አንዱን ድንጋይ ወደ ገደሉ ገፉት፤ ሌላውን ታቅፈው አመጡና ጋቢና ውስጥ እግራቸው ሥር አስቀመጡት። ከዚያም ገበያተኞቹን «ከእንግዲህ በኔ መኪና ሰው ከጭነት በላይ አይወጣም» አሏቸው።

«ታዲያ እኔን ማን ያደርሰኛል?» ብላ ጮኸች አበቡ፣ ልጅ አዝላ የሙዝ ዘለላ ላይ የወጣች ሴት። ልጇን ጋቢና አስገብተው እሷንም አስቀመጧትና ራሳቸው ከእኛ ጋር በእግር ወጡ።

ተከትለናቸው ዱቡሻው ላይ ስንደርስ ኢሳያስ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጋሽ ደበሌ ድንጋዩን ከጋቢናው አውጥተው ተሸክመው ገቡና መሃል ላይ አኖሩት።

«የምንፈልገው ድንጋይ ይህ ነው። ያኖርኩት እኔ ነኝ። ኢሳያስ ነፃ ነው።»

ኢሳያስ አንገቱን ቀና አደረገ። «ሦስት ሳምንት ሚስቴ፣ እህትህ፣ ከኔ ጋር አንድ ማዕድ አልቀረበችም» አለ። ሌላ ክስ አላቀረበም። ጋሽ ደበሌ አለቀሱ፤ እኔም ቁጣዬን የማደርግበት አጣሁ።

ሽማግሎቹ በዚያው ወሰኑ። ባለመኪና ሁሉ በገመድ የታሰረ፣ ጎማ የሚያግድ የእንጨት ታኮ ይያዝ፤ ሲነሣ ከመኪናው ጋር ይነሣ። ፍሬኑ ሳይሠራ አቀበት የወጣ፣ ሰው ከጭነት በላይ ያሳፈረ፣ በዱቡሻ ይጠየቅ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት በመንገዱ ተመላልሻለሁ። መታጠፊያው ንጹሕ ነው፤ ገበያተኛው በሰላም ወጥቶ በሰላም ይገባል፤ ክንፉም ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ምሥጋና ግን በክራንች ነው የሚሄደው፤ የትኛውም ምክር እግሩን አይመልስለትም። መንገድ ላይ ድንጋይ ያየህ አንባቢ ሆይ፣ መጀመሪያ አንሣው፤ የማን እንደሆነ ኋላ ትጠይቃለህ።