አቶ ገብረጻድቅ ስለ ልጃቸው የሰጡት መልስ

መምህር በኃይሉና አቶ ገብረጻድቅ የተገናኙት ሳይቀጣጠሩ ነው። ከአዲስ ከተማ ሰፈር ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የጋሪው ፈረስ ቆሞ አልሄድም ብሎ ነበር። ባለጋሪው ይለማመጠዋል፤ አቶ ገብረጻድቅ ከላይ ሆነው ይቆጣሉ፤ ልጃቸው እህተማርያም ደብተሯን ታቅፋ አጠገባቸው ተቀምጣለች። በእግሩ ይመጣ የነበረው የስፖርት መምህሩ በኃይሉ ቆም ብሎ እጅ ነሣ።

«ደህና አደሩ፣ ጋሽ ገብረጻድቅ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ና ውጣ እንጂ፣ ቦታ አለ።»

«እኔስ በእግሬ ይሻለኛል። ትምህርት ቤቱም ያውና፣ ከዚህ ይታያል።»

እውነትም ይታያል። ከቤታቸውም ቢሆን ሩቅ አልነበረም። አቶ ገብረጻድቅ ጋሪውን በወር የተኮናተሩት የአቶ ኑሪ ልጅ ዘምዘም በእግሯ ስለምትሄድ ነበር።

አቶ ኑሪ ማን ናቸው ቢባል፣ ግድግዳ ለግድግዳ የሚጎራበቷቸው ነጋዴ ናቸው። አቶ ገብረጻድቅ ክፉ ሰው አይደሉም። በሱቃቸው ጨርቅ ሲለኩ አያጎድሉም፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራም አይቀሩም። ግን ጎረቤታቸው ያገኙት ሁሉ ከእሳቸው ኪስ የወጣ ይመስላቸዋል። አቶ ኑሪ ሱቃቸውን ቀለም ያስቀቡ ዕለት እሳቸው ራሳቸውን ሲፈልጣቸው ዋለ። ገበያተኛ ወደዚያ ሱቅ ሲገባ እህል አይወርድላቸውም። ይህ ሕመም ሐኪም ቤት አይወሰድ ነገር፣ ዝም ብሎ ሰውን ሲበላ ይኖራል።

«ልጄ፣ አትቀየመኝና» አሉ መምህሩን፣ «ይህ ልጆቹን ሜዳ ለሜዳ የምታሯሩጡት ነገር ምን ይረባል? ሰው የሚማረው ከልፋት ሊያርፍ አይደለም እንዴ? እኔ በልጅነቴ ሸክም ተሸክሜ ገበያ ለገበያ የዞርኩት እሷ እንድትቀመጥ ብዬ ነው።»

«ልፋትዎ መቼም አይካድም፣ ጋሼ። ነገር ግን ሰውነት ቁጭ ብሎ አይጠነክርም። ልጅ ሲሮጥና ሲዘል ልቡ ሥራ ይለምዳል፣ አጥንቱ ይጠናል፣ ማታም ደህና እንቅልፍ ይተኛል። ክፍል ውስጥ እንኳ ነቃ ብሎ የሚያዳምጠኝ ከጨዋታ የመጣው ልጅ ነው።»

«እስቲ ጉንጯን እያት! ይህች የተቸገረ ቤት ልጅ ትመስላለች?»

«አትመስልም። ግን ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትይዛለች።»

በዚህ መሀል ዘምዘም ሻሿን አጥብቃ፣ «እህተ፣ ሊደወል ነው እኮ!» እያለች በሩጫ አለፈቻቸው። መምህሩ በዓይኑ ሸኛት። «እንዲህ ያለ ትንፋሽ በትምህርት ቤታችን የለም» አለ።

አቶ ገብረጻድቅ ፊታቸውን አዞሩ። ይህን ያህል ዘመን የዚያች ልጅ መሮጥ የድህነት ምልክት መስሏቸው ሲደሰቱበት ኖረዋል። ለካ የሚመሰገን ነገር ኖሯል!

መምህር በኃይሉ ይህን አላስተዋለም። «በዚህ ሰሞን የተማሪዎቹን እንቅስቃሴ እየመዘንን ነው» ሲል ቀጠለ። «አስቀድመን ወላጅ እንጠይቃለን። ልጁ ከትምህርት ውጭ ይጫወታል? ይሮጣል? ሥራ ያግዛል? ወይስ ተቀምጦ ይውላል? ከዚያ ቅዳሜ በየአቅማቸው ከፋፍለን ሜዳ ላይ እናያቸዋለን። እህተማርያምስ እንዴት ናት?»

«እሷማ!» አሉ አቶ ገብረጻድቅ፣ «ጋሪው የዛሬ ብቻ ነው። በየጠዋቱ የታቦርን ተራራ ወጥታ ትወርዳለች። ውሃ የምትቀዳውም እሷው ናት። ገመድ መዝለል ከጀመረች ደግሞ ማን ያስቆማታል!»

ባለጋሪው ዞሮ አያቸው። እህተማርያም አንገቷን ደፋች።

«ታዲያ ደረጃው ላይ ምን ሆና ነው?»

«ጉንፋን ይዟት ይሆናላ!»

መምህሩ አመነታ። ግን የታላቅ ሰውን ቃል መጠራጠር ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነበርና፣ ዓይኑ ያየውን ትቶ ጆሮው የሰማውን ያዘ። እህተማርያምን ከብርቱዎቹ ጋር መደባት።

ቅዳሜ ወላጆች ሜዳው ዳር ተሰበሰቡ። አቶ ገብረጻድቅ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከአቶ ኑሪ ፊት ለፊት ቆሙ። ልጃቸውን ከዘምዘም ጎን ተሰልፋ ሲያዩ ደረታቸው ተነፋ። ፊሽካው ተነፋና ልጆቹ ተነሡ። እህተማርያም ሜዳውን ግማሽ እንኳ ሳትዞር ወደ ኋላ ቀረች። ከንፈሯ ነጣ። አንድ ጊዜ ወደ አባቷ ተመለከተች፤ ከዚያ ጥርሷን ነክሳ መሮጧን ቀጠለች። ጥቂት እንደሄደች ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች።

ቀድመው የደረሱት አቶ ኑሪ ናቸው። አቅፈው ወደ ዋርካው ጥላ ወሰዷት። ዘምዘምም ሩጫዋን ትታ ተመልሳ ውሃ አመጣች። አቶ ገብረጻድቅ እያለከለኩ ሲደርሱ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ በዚያች ሰዓት እንኳ መጀመሪያ የመጣባቸው ሐሳብ «ደግሞ እዚህም ቀደመኝ!» የሚል ነበር። ወዲያው ግን የልጃቸውን ፊት አዩና አጠገቧ ተንበረከኩ።

ልጅቷ ውሃ ተጎንጭታ ዓይኗን ገለጠች።

«ከደከመሽ ለምን አልቆምሽም፣ ልጄ?» አሉ አባቷ።

«ውሸታም እንዳይሉዎት ብዬ ነዋ፣ አባባ።»

ድምጿ ዝቅ ያለ ቢሆንም የቆመው ሁሉ ሰማው። እህተማርያም ማልቀስ ጀመረች። «ስለዚያች ታቦር ስለምትወጣው ልጅ ሲያወሩ ግን... ቀናሁባት። ምነው እሷን በሆንኩ አልኩ።»

አቶ ገብረጻድቅ ስለ ቅናት የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር። የገዛ ልጃቸውን በሌለች ልጅ እንዳስቀኗት ግን አላወቁም። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አለ መምህር በኃይሉ። «ያየሁትን በተናገርኩ ኖሮ ይህ ባልደረሰ። አሁን ወደ ሐኪም እንውሰዳትና ይያት።»

ሐኪሙ መርምሮ የከፋ ነገር እንደሌለ፣ ሰውነቷ ያልለመደው ሥራ በአንድ ጊዜ ስለተጫነባት እንደወደቀች ነገራቸው። ሲወጡ አቶ ገብረጻድቅ ቀስ ብለው፣ «ከዘምዘም እኩል ለመሆን ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባት ይሆን?» አሉ።

«ጋሼ፣ ዘምዘምን ምን አመጣት? እኛ የምንመዝነው ልጅን ከልጅ ልናበላልጥ አይደለም። ዛሬ ያለችበትን አውቀን፣ ነገ ከዚያ ትንሽ እንድትሻል ነው። ለሐኪም የሌለ በሽታ የነገረ ሰው የሚሰጠው መድኃኒት ማንን ያድናል?»

«ማንንም አያድንም።»

«እንግዲያው እንደገና ልጠይቅዎት። እህተማርያም ምን ያህል ትንቀሳቀሳለች?»

አብረው የመጡት አቶ ኑሪ እዚያው አጠገባቸው ቆመዋል። አቶ ገብረጻድቅ ሱቃቸው ቢዘረፍ ይሻላቸው ነበር። ዞር ብለው ልጃቸውን አዩና ተናገሩ።

«አትንቀሳቀስም። በጋሪ ትሄዳለች፣ በጋሪ ትመለሳለች፣ ከዚያ ትቀመጣለች። ያስቀመጥኳትም እኔ ነኝ።»

አቶ ኑሪ አልሳቁም። «ጠዋት ጠዋት ዘምዘም ትጥራት» አሉ።

መምህሩ ያዘዘው ቀላል ነገር ነበር። መጀመሪያ መራመድ፣ ሰውነቷ ሲለምድ ገመድና ኳስ፣ በመጨረሻ ሩጫ። ቤት ውስጥም እንደ ሸክላ ዕቃ እንዳትቀመጥ፣ ከእኩዮቿ ጋር እንድትጫወትና ሥራ እንድታግዝ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለውጡ ታየ። እህተማርያም ደረጃውን ግድግዳ ሳትይዝ መውጣት ጀመረች፤ ማታ ስትተኛ ሌሊቱን አትነቃም፤ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቱም ቀረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝምተኛዋ ልጅ ሳቂታ ሆነች። ወላጅ ለልጁ የሚያስብ ከሆነ ጠዋት በእግሯ ይስደዳት፣ ከሰዓት ጨዋታ አይከልክላት፤ ስለ እሷ ሲጠየቅም ያለውን ይናገር።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ ነጋዴዎች በየሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ልጆቹን ይመለከታሉ። ዘምዘም ከፊት ትሮጣለች፤ እህተማርያም ከኋላ እየሳቀች ትከተላታለች።

«ፈጠኑ እኮ» አሉ አቶ ኑሪ።

«ያንተዋ ናት የፈጠነች» አሉ አቶ ገብረጻድቅ፤ «የእኔዋ ገና ናት።»

ይህን ብለው ያ የለመዱት የቅናት ሕመም እስኪመጣ ጥቂት ጠበቁ። አልመጣም። ገብተው ሥራቸውን ጀመሩ።