ከኮፓው የወጣው ብናኝ

ሰቆጣ ውስጥ መካኒክ ነኝ። አያ ብርሃኑ የሚባሉ ሽማግሌ ሹፌር ከጽጽቃ ሰው ጭነው ሲመለሱ ሚኒባሳቸው ሞተሩ ተንኳኳባቸውና ወደ እኔ መጡ። ኮፓውን፣ ያንን የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበትን ቋት፣ ፈትቼ ባየው ታቹ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ነው። "ዘይት ሳይቀይሩ እየነዱ ሞተሩን ጨረሱት እኮ!" ብዬ ጮህኩባቸው። "ኧረ ልጄ፣ በጊዜው ነው የምቀይረው" አሉ ቀስ ብለው።

ብናኙን ማግኔት አስጠጋሁበት፤ አልያዘውም። እንግዲህ የተፋቀው ብሮንዚናው፣ በፒስተኑ ማሰሪያ ውስጥ የሚገባው ማግኔት የማይዘው ስስ ማዕድን፣ ነው ብዬ የፒስተኖቹን ማሰሪያ በየተራ ፈተሽኩ። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ቡሎኑ ቁልፍ ሳላሳርፍበት በጣቴ ዞረ። ክው አልኩ። ያንን ሞተር ከሦስት ሳምንት በፊት የገጠምኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነካውም። "አያ ብርሃኑ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳላጠብቀው ነው የዘጋሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ቡሎኑን ትኩር ብለው አዩና "ትናንት በዚህች መኪና አንዲት አራስ ከነልጇ አምጥቻለሁ" አሉ። ቀጥለውም "ለመሆኑ በዚያ ሰሞን ሌላ የማንን ሞተር ገጠምክ?" ሲሉኝ ወደ ስልኬ ሮጥኩ። ወደ ፃግብጂ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ነበር። በዘይታም እጄ ደወልኩ። ሹፌሩ ሲያነሳ ሞተሩ ሲያጓራ ይሰማኛል። "አቁም! ባለህበት አቁም!" አልኩት። ያለበት ድረስ ሄጄ ብፈታው የእሱ ጠብቆ ነበር፤ እኔ ግን መንገዱ ዳር ቁጭ እንዳልኩ መነሳት አቃተኝ።