የአባቴ አንዲት መሥመር

እየሩስዬ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ፣ ቦታ አለ። የሰቆጣ ሚኒባስ መቼም ካልሞላ ከአምደወርቅ አይነቃነቅ፤ እናወራለን እንጂ ምን እናደርጋለን! ገበያው እንዴት ዋለልሽ? ጋቢና ያሉት ሰውዬ ማዳመጫ ሰክተዋል፣ አንረብሻቸውም። መስኮቱን ግን ቢዘጉት ጥሩ ነበር፤ ነፋሱ ጆሯቸውን እንዳይመታቸው። ጆሮ ትልቅ ነገር ነው...

ጆሮ ስል የኛ ደግሰው ትዝ አለኝ። ድንጋይ፣ ንብ፣ ወፍጮ በመቅረጫ እየቀዳ ሙዚቃ ያደረገው ልጅ፤ ዛሬ የውጭ ሰው ሳይቀር ይሰማዋል። የሕይወት ታሪኩ ኢንተርኔት ላይ፣ ማንም ገብቶ የሚያርመው መዝገበ ዕውቀት ውስጥ አለ አይደል? ሰሞኑን አንድ የተማሩ ሰው ገብተው አሻሻሉት አሉ። ስም አልጠራም፤ ስማቸውንማ እዚያው ስድስት ቦታ ጽፈውታል፣ የኔ ምን ይጨምራል?

እንዴት ያለ ልፋት መሰለሽ! «የደግሰው የመጀመሪያ መካሪና አበረታች» ብለው ራሳቸውን አስገቡ። ውሸት ነው እንዴ? በፍጹም! ያኔ አዳራሽ ውስጥ የቀረጸውን ሊያሰማ ሲነሳ «ይሄን የቆርቆሮ ጫጫታ ይዘህ ውጣ» ያሉት እሳቸው አይደሉ? ገፋፍተውታል... እስከ በሩ ድረስ። ማስረጃም አላጓደሉም፤ የመሥሪያ ቤታቸውን መጽሔት ጠቅሰዋል። መጽሔቱን የጻፈው ማነው አትበይኝ። ከአንጀት ከጻፉ ማስረጃ አይገድም! ፎቶም ጨምረዋል፤ እሳቸው መሀል ናቸው፣ ደግሰው ደግሞ... ክንዱ ይታያል።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው፣ አልቀየምም። ቦታው ሲጠብ ግን አንዲት መሥመር መውጣት ነበረባት፤ «መስማት ያስተማረው ደወል ደዋዩ ወልደ ኢየሱስ ነው» የምትለው የአባቴ ወጣች። «ማስረጃ የላትም» ተብላ። እውነት ነው፣ አባቴ መጽሔት የለው። አርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን የድንጋይ ደወል ሲደውል፣ ደግሰውን በልጅነቱ ከጎኑ አቁሞ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ «ከመታኸው በኋላ የሚቀረውን ስማ» ሲለው፣ እማኙ ድንጋዩ ብቻ ነበር። ድንጋይ ደግሞ አይፈርምም። ባለቤቱን ካልናቁ ደወሉን አይነቀንቁ... እንዲያ አልነበር የሚባለው?

አየሽ፣ አባቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጄን እፀገነትን «የኔዋን መሥመር አንብቢልኝ» ይላታል። ያለፈው እሑድ ስልኩን ከፈተች፤ መሥመሯ የለችም። ቀና ብላ አየችኝና በቃሏ አነበበችለት። «ተባረኪ» ብሎ ጋደም አለ። እኔ ግን ተቃጠልኩ፣ እየሩስ፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

...ኧረ ቀስ በይ፣ ጋቢና ያሉት ማዳመጫቸውን አወለቁ! ባትሪው አልቆባቸው ይሆናል። በስመ አብ፣ እሳቸውን የማማ መሰለሽ እንዴ? ስልካቸውንም አወጡ... ደግ ነው፣ የሚያሻሽሉት አይጠፋም።

እኔ ለዚያ ለተማሩት ሰው ክፉ አልመኝም። እግዜር ዕድሜ ሰጥቶ እንደ አባቴ ሰማንያ ሁለት ያድርሳቸው። ጤናም፣ የልጅ ልጅም፣ እሑድ እሑድ የሚያነብላቸውም አይጡ። ታሪካቸውም አምሮ ተጽፎ ይቆያቸው። ከዚያ የሚያሻሽልላቸው... ልክ እንደ ራሳቸው ያለ የተማረ ሰው ይዘዝላቸው። አሜን በይ እንጂ፣ እየሩስዬ።